ሠራተኛ ጤናውን አይጠላም

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። በ55ቱም አውራጃዎች መምህራንና የትምህርት ቤት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ብዙዎቹ ወደ ዋና ከተማዋ ቻርለስተን ጎረፉ። ዋነኛ ጥያቄያቸው ዝቅተኛው ደመወዛቸውና በየጊዜው የሚጨምረው የጤና መድን ክፍያ ነበር። ከቅሬታዎቻቸው መካከል ግን ከሩቅ ለሚያየው ትንሽ የሚመስል አንድ ጉዳይ ነበረበት፤ ጎ365 የሚባል የስልክ አፕሊኬሽን። የግዛቲቱ የመንግሥት ሠራተኞች መድን ተቋም መምህራኑ አፑን ጭነው እርምጃቸውን እንዲያስቆጥሩ፣ የጤና መረጃቸውን እንዲሞሉና ነጥብ እንዲሰበስቡ አቅዶ ነበር። ነጥቡን ያላሟላ በየወሩ 25 ዶላር ይጨምራል፤ ሲታከምም መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ በ500 ዶላር ከፍ ይልበታል። ቁጣው ሲበረታ አስተዳዳሪው ጂም ጀስቲስ ግዴታውን አነሱ። አድማው ግን አልቀረም። መምህራኑ ዘጠኝ የትምህርት ቀናት ውጭ ቆይተው የ5 በመቶ ጭማሪ ይዘው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

እነዚህ መምህራን መራመድ የሰለቻቸው ሰነፎች አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። በአድማው ቀናት እንኳ ምሳቸውን ትምህርት ቤት የሚበሉ ችግረኛ ተማሪዎች እንዳይራቡ ምግብ እያሸጉ ሲያከፋፍሉ ነበር። ለሌላው ጤና ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ለራሱ ጤና ግድ የለውም ብሎ በወር 25 ዶላር ሊያስፈራሩት መነሳት ስድብ ነው። መምህራኑም የተረዱት እንደዚያው ነው።

ከዚያ ዕቅድ ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግን ዛሬም በብዙ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ነግሷል። ሠራተኛ ለጤናው የሚነሳሳው ኪሱ ሲነካ ብቻ ነው፤ የታዘዘውን ካደረገ ይሸለም፣ ካላደረገ ይቀጣ ይላል። ሕጉም ደግፎታል። በ2010 የወጣው የጤና መድን ማሻሻያ ሕግ አሠሪዎች ለእንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚያደርጉት የዋጋ ልዩነት እስከ መድኑ ወጪ 30 በመቶ፣ ትምባሆን በሚመለከት ደግሞ እስከ 50 በመቶ እንዲደርስ ፈቅዷል። በዋሽንግተን ዙሪያ በሆስፒታሎች፣ በአረጋውያን መጦሪያዎች፣ በሆቴሎችና በኤርፖርት የሚሠሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ የመድን መመዝገቢያው ወቅት ሲደርስ ደብዳቤው ይመጣላቸዋል፤ ደም ተመርመር፣ መጠይቅ ሙላ፣ ቅናሽ ታገኛለህ። አስተሳሰቡ ከሥር መሠረቱ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃውም እጅግ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ይህ እምነት ከየት ጉልበት እንዳገኘ እንይ። በ2010 ካትሪን ቤይከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩይ ሶንግ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው አንድ ስሌት አወጡ። አሠሪው ለዌልነስ ፕሮግራም፣ ማለትም ለእንዲህ ያለው የሠራተኛ ጤና ማበረታቻ፣ አንድ ዶላር ሲያወጣ የሕክምና ወጪው በ3 ዶላር ከ27 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል የሚል ነበር። ይህ ቁጥር ፕሮግራሙን በሚሸጡ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ላይ እንደ ጸሎት ተደጋገመ። ችግሩ ግን የቀደሙት ጥናቶች አብዛኞቹ ፕሮግራሙን የተቀላቀለውን ካልተቀላቀለው ጋር የሚያነጻጽሩ መሆናቸው ነበር። ለመሆኑ የዌልነስ ፕሮግራም ሲታወጅ ማን ነው ቀድሞ የሚመዘገበው? ድሮም የሚሮጠው፣ ድሮም የማያጨሰው፣ ከሥራ በኋላ ጊዜ ያለው ሰው ነው። እሱ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ፕሮግራሙ ጤነኛ አደረገው ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ስህተቱን የሚያጋልጥ ጥናት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተሠራ። ከ2016 ጀምሮ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች በዕጣ ተከፈሉ፤ ለአንዱ ቡድን ፕሮግራሙ ተከፈተለት፣ ለሌላው አልተከፈተለትም። ተመራማሪዎቹ በአሮጌው መንገድ ተሳታፊውን ከማይሳተፈው ጋር ሲያነጻጽሩ ፕሮግራሙ ተአምር የሠራ ይመስላል። በዕጣ የተከፈሉትን ሁለቱን ቡድኖች ሲያነጻጽሩ ግን በሕክምና ወጪም፣ ከሥራ በመቅረትም፣ በጂም አዘውታሪነትም ለውጥ ጠፋ። የተሳተፉት ሰዎች ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊትም የሕክምና ወጪያቸው ዝቅተኛ ነበር።

ቤይከርና ሶንግም የራሳቸውን የቀድሞ ድምዳሜ ለፈተና አቀረቡት፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል። ቢጄስ በተባለው የጅምላ መደብር ሰንሰለት 160 የሥራ ቦታዎችና ወደ 33 ሺህ ሠራተኞች ላይ ባደረጉት፣ በ2019 በታተመው ጥናት፣ 20 ቦታዎች በዕጣ ተመርጠው ፕሮግራሙ ገባላቸው። ከ18 ወራት በኋላ ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን የሚሉ ሰዎች ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ። የደም ግፊቱ ሲለካ፣ ኮሌስትሮሉ ሲታይ፣ የሕክምና ወጪው ሲደመር፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን ሲቆጠር ግን ልዩነት አልታየም። ሦስት ዓመት ጠብቀው ሲያዩትም ያው ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የኢሊኖዩ ጥናት የሽልማቱንም መጠን እያለያየ ሞክሯል። ለጤና ምርመራው ምንም ሽልማት ካልቀረበላቸው መካከል 47 በመቶው መጥተው ተመረመሩ። 100 ዶላር ሲጨመር 59 በመቶ ደረሰ። 200 ሲሆን 63። አብዛኛው አንባቢ ዓይኑ የሚያርፈው ከ47 ወደ 59 በተደረገው ዝላይ ላይ ነው፤ ገንዘብ ይሠራል ማለት ነው ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቁጥር እይ እላለሁ። ግማሽ ያህሉ ሠራተኛ ለምርመራው ሳንቲም ሳይቀርብለት መጥቷል! ሁለተኛው መቶ ዶላር ያመጣው ከመቶ አራት ሰው ብቻ ነው። ያልመጡት 37ቱስ? 200 ዶላር የማይፈልግ ሠራተኛ ብዙ አላውቅም። እነዚህ ሰዎች የቀሩበት ምክንያት ሽልማቱ ስላነሰ እንዳልሆነ ለመገመት ምርምር አያስፈልግም፤ ጊዜ ያጣ አለ፣ ውጤቱን የፈራ አለ፣ መረጃው ማን እጅ እንደሚገባ የሚጠራጠር አለ። ሽልማቱን አራት መቶ ማድረግ ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

የገንዘብ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ልሸሸው አልፈልግም። በ2009 የታተመ፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክ 878 አጫሽ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ማጨስ ካቆሙ በድምሩ እስከ 750 ዶላር እንደሚያገኙ የተነገራቸው ሠራተኞች ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ 14.7 በመቶዎቹ አቁመው ተገኙ፤ ገንዘብ ካልቀረበላቸው ያቆሙት 5 በመቶ ነበሩ። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ለእነዚያ ሰዎች ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሲጋራ ማቆም ቁርጥ ያለ፣ በምርመራ የሚረጋገጥ አንድ ነገር ነው። አመጋገብ፣ እንቅልፍ፣ የጀርባ ሕመም፣ ጭንቀት እንደዚያ አይደሉም፤ ዕድሜ ልክ የሚቀጥሉ፣ ከሥራው ሁኔታ ጋር የተቆላለፉ ጉዳዮች ናቸው። ደግሞም ገንዘቡ ከቀረበላቸው ውስጥ ከመቶ 85ቱ አላቆሙም። አንድን ነገር ለማስቆም በጠባቡ የሠራ መድኃኒት ለሁሉም በሽታ አይታዘዝም።

ገንዘብ አንዳንዴ የነበረውን ፍላጎት ጭምር እንደሚያጠፋ ከዌልነስ ውጭ ያሉ ሙከራዎች ያሳያሉ። ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎች የሚወዱትን የመገጣጠም ጨዋታ በክፍያ እንዲጫወቱ አደረገ፤ ክፍያው ሲቆም ጨዋታውን በገዛ ፈቃዳቸው የሚነኩበት ጊዜ ቀነሰ። በእስራኤል ሐይፋ ከተማ ደግሞ ልጆቻቸውን አርፍደው በሚወስዱ ወላጆች ላይ መዋእለ ሕፃናት ቅጣት ጣሉ። የሚያረፍዱት በዙ። ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። አስተማሪዋን ማስጠበቅ ነውር መሆኑ ቀርቶ ዋጋ የተቆረጠለት አገልግሎት ሆኗልና። 25 ዶላር የሚከፍል መምህር ቢኖር እንደዚሁ ነው፤ ከፈለ፣ ነፃ ወጣ፣ ስለ ጤናው ከማንም ጋር የሚነጋገረው ነገር አበቃ።

በሜሪላንድ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት የምትሠራ የማውቃት እናት አለች። ጠዋት ሰባት ሰዓት ገብታ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ትወጣለች፤ የሳምንቱን ግማሽ ያህል ከዚያ በቀጥታ ወደ አንድ አዛውንት ቤት ሄዳ እስከ ማታ ትሠራለች። አንሶላ ትቀይራለች፣ ሰው ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። መሥሪያ ቤቷ የእርምጃ ውድድር ጀምሮ ቅናሽ እንደሚያስገኝ ተነገራት። እርምጃውን የሚቆጥረው ስልኳ ነው፤ ስልክ ደግሞ ሥራ ላይ ክልክል ስለሆነ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። ስምንት ሰዓት ሙሉ የተራመደችው ሁሉ አልተቆጠረም። መጠይቁንም ለቅናሹ ስትል ሞላችው፤ ጭንቀት ይሰማሻል ወይ የሚለው ጥያቄ ጋ ስትደርስ ግን አይሰማኝም ብላ አለፈችው፤ አለቆቿ ያዩታል ብላ ስለፈራች። ምን ብታገኚ ይሻልሽ ነበር ስላት እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜ፣ መራመዱንስ ስራመድ ነው የምውለው። አንድ ሰው ቢጨመርልንና ምሳዬን ቁጭ ብዬ ብበላ ይበቃኛል።»

እኔ ይህን ከአንድ ሰው ብሶት በላይ አድርጌ የምወስደው እንግሊዝ አገር ለአሥርታት የተደረገ ጥናት ስላለ ነው። ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ የለንደንን የመንግሥት ሠራተኞች ተከታትለዋል። በ1967 በጀመረው የመጀመሪያው ዙር በዝቅተኛው እርከን ያሉት ወንዶች በልብ በሽታ የሚሞቱበት መጠን ከላይኛው እርከን ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ1985 የጀመረው ሁለተኛው ዙር 10,308 ሠራተኞችን ይዞ ምክንያቱን ፈለገ። ሁሉም ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ሁሉም ነፃ ሕክምና አላቸው። ማጨሱና አመጋገቡ ልዩነቱን በከፊል ቢያስረዱም አልበቁም። በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ያነሰው፣ ምን መቼ እንደሚሠራ ሌላ የሚወስንለት ሰው ለልብ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ነበር። የሰውን ልብ የሚጎዳው የሥራው አደረጃጀት ከሆነ መፍትሔውን እግሩ ላይ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ገንዘቡ እንዳልሠራ የተረዱ አማካሪዎች አዲስ ዜማ አምጥተዋል። ተነሳሽነት ከውስጥ መምጣት አለበት ይላሉ፤ የመተንፈስ ልምምድ፣ የተመስጦ አፕ፣ ጽናትን የሚያስተምር ሥልጠና ይሸጣሉ። ከገንዘቡ ወዲያ መመልከታቸው ትክክል ነው። የተሳሳቱት ጉድለቱን አሁንም ሠራተኛው ውስጥ መፈለጋቸው ላይ ነው። የኦክስፎርዱ ዊልያም ፍሌሚንግ በ2024 ባሳተመው ጥናት ከ233 የእንግሊዝ መሥሪያ ቤቶች የ46,336 ሠራተኞችን መልስ መርምሮ፣ እነዚህን በግለሰብ ላይ ያተኮሩ ድጋፎች የተጠቀሙ ሠራተኞች ካልተጠቀሙት የተሻለ ስሜት ላይ እንዳልነበሩ አግኝቷል። ለየት ብሎ የተገኘው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር፤ ማለትም ሰው ከሰው ጋር ሆኖ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ነገር የሚሠራበት ዕድል።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚል ይኖራል። ጊዜ የለኝም የሚለው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ለማየት ጊዜ አለው፤ ፍላጎት ካለ መንገድ አይጠፋም የሚል ክርክር ነው። በፍላጎቱ እስማማለሁ፤ ፍላጎቱ እንዳለ የምናውቀው ማንም ሳይከፍለው ሰው የሚያደርገውን ስናይ ነው። ማለዳ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሄደ ያውቃል። ገና ጎህ ሳይቀድ ደረጃውን የሚወጡና የሚወርዱ፣ በቡድን የሚያሟሙቁ፣ ከዚያ ሻወር ወስደው ወደ ቢሮ የሚሮጡ ሰዎች አሉ። ነጥብ የሚሰጣቸው የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ተዋጥተው ሜዳ ተከራይተው ኳስ የሚጫወቱ ባልደረቦች አሉ፤ ከሽልማት ይልቅ ከኪሳቸው የሚከፍሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በ10 ሺህ ተሳታፊዎች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ላይ ከየድርጅቱ የሚመጡ ሠራተኞች ቲሸርቱን ለብሰው እየዘፈኑ ሲሮጡ ያያቸው ሰው ተነሳሽነት ይጎድላቸዋል አይልም።

ጾማችንን አስቡ። ዓቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሰው ማንም አይሸልመውም፣ ማንም ነጥቡን አይቆጥርለትም። ይህን ሁሉ ቀን የሚያጸናው የግል ጽናቱ ብቻ ግን አይደለም። ቤቱ የጾም ወጥ ይሠራል፣ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ በየዓይነቱ ያቀርባል፣ ጎረቤቱም ይጾማል፣ ከጾሙ በፊትና በኋላ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። አካባቢው በሙሉ ከጾመኛው ጋር ይቆማል። ጾሙ ስለ ጤና አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን ሰው ከባድ ነገርን ለረዥም ጊዜ እንዴት እንደሚዘልቅበት ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላገኘሁም። ትርጉም ያለው ነገር፣ አብሮ የሚያደርግ ሰው፣ የሚመች ዙሪያ። የሜሪላንዷ እናት ከእነዚህ አንዱም በሥራ ቦታዋ የላትም፤ ያላት ቅናሽ ነው።

ፈቃደኝነትም የራሱ ቦታ አለው። በፍርሃት የገባ ሰው ተነሳሽነት የለውም፤ የሚያደርገው ከቅጣት መሸሽ ነው። በ2017 ዳኛው ጆን ቤትስ የአሜሪካ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን 30 በመቶ ቅጣት እያለ ተሳትፎው ፈቃደኝነት ነው ማለት የሚቻልበትን ምክንያት አላስረዳም ብለው ወስነዋል። የየል ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችም በዌልነስ ፕሮግራሙ ላለመሳተፍ በሳምንት 25 ዶላር፣ በዓመት 1,300 ዶላር መክፈላቸውን ተቃውመው በ2019 ከሰሱ፤ በ2022 ጉዳዩ ዩኒቨርሲቲው ወደ 1.29 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል በስምምነት አለቀ። ከሠራተኛው ጋር ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር የጤና ፕሮግራም ሊባል አይገባውም።

ያንተ ሐሳብ ውድ ነው፣ ሰው መቅጠር፣ ሺፍት ማስተካከል ከቅናሽ ይልቅ ያስወጣል የሚለኝ ሥራ አስኪያጅ ይኖራል። አዎ፣ ያስወጣል። ርካሹ ግን የሕክምና ወጪን እንዳልቀነሰ በዕጣ የተሠሩት የኢሊኖይና የቢጄስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ውጤት የማይሰጥ ነገር ርካሽ አይባልም። ደግሞ ሁሉም ነገር ውድ አይደለም። የሺፍት ሰሌዳን ከሁለት ሳምንት በፊት ማሳወቅ፣ ሠራተኛ በሥራ ሰዓቱ ሐኪም ጋ ሄዶ እንዲመለስ መፍቀድ፣ ምሳ ሰዓትን ማክበር፣ የምርመራ ውጤት አሠሪው ደጃፍ እንደማይደርስ በጽሑፍ ማረጋገጥ፤ እነዚህ በጀት ሳይሆን ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ምን መሆን እንዳለበት ሠራተኛው ራሱ ይወስን። ኳስ ካለ ኳስ፣ የእግር ጉዞ ካለ የእግር ጉዞ፣ ወንበሩ ይቀየርልን ካለ ወንበሩ።

በአገራችንም ድርጅቶች ስለ ሠራተኛ ጤና ማሰብ መጀመራቸው ደስ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ የሕጉ መነሻ የሥራ ቦታው እንጂ የሠራተኛው ስንፍና አይደለም። ከአሜሪካ ምን እንቅዳ ብላችሁ የምትጠይቁ የሰው ሀብት ኃላፊዎች ካላችሁ፣ ለነጥብና ለሽልማት ገንዘብ ከመመደባችሁ በፊት ወደ መጋዘኑ፣ ወደ ካውንተሩ፣ ወደ ፅዳት ክፍሉ ወርዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሥራችሁ የትኛው የአካላችሁ ክፍል ላይ ነው የሚያርፈው? መልሱን ስሙና በጀቱን እዚያ ላይ አውሉት። እናንተም በውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ደብዳቤው ሲመጣላችሁ ቅናሹን ከመቀበላችሁ በፊት መረጃችሁን ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ በስብሰባው ላይ አንሱት።